ለስክሪን ግድግዳ ኮንትሮለር መምረጥ፦ ጎጃም ላይ ሒሳቡ ከየት ይጀምራል?

ስክሪን ሊገዛ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስፋቱን ነው። ከዚያ ዋጋውን። «በካሬ ስንት ነው?» ይላል። ኮንትሮለሩ፣ ማለትም ምስሉን ተቀብሎ ለግድግዳው የሚያከፋፍለው ሳጥን፣ የሚነሳው ፕሮፎርማው መጨረሻ ላይ፣ ከገመዱና ከብረቱ ጋር በአንድ መስመር ተጠቅልሎ ነው። አንዳንዴ ስሙም አይጻፍም፤ «ሙሉ አክሰሰሪ» ተብሎ ይታለፋል። ስክሪኑ ከተሰቀለ በኋላ ባለቤቱን እንቅልፍ የሚነሳው ግን አብዛኛውን ጊዜ በዚያች መስመር ውስጥ ያለው ዕቃ ነው።

ነገሩ ጎጃም ውስጥም የብዙ ሰው ጉዳይ እየሆነ ነው። ባሕር ዳር ላይ የሰርግ አዳራሽ የሚከፍት ሰው ከሙሽሮቹ ወንበር ጀርባ ስለሚያበራው ግድግዳ ሳያስብ አይቀርም። ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላምና እንጅባራ ያለ ሆቴል፣ ዩኒቨርሲቲ ወይም የስብሰባ አዳራሽም እንዲሁ። ዋጋው ደግሞ ሌላ ሆኗል። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን የተደረገው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ነው። ከዚያ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ወራት ሳይቆይ ከ120 አለፈ። ዕቃው የሚመጣው በዶላር ነው። በጀት ሲጠብ አንድ ነገር መቀነስ አለበት፤ የሚቀነሰውም እንግዳ የማያየው ነገር ነው። ማለትም ኮንትሮለሩ።

እኔ ተቃራኒውን ነው የምመክረው። ብሩ ካልበቃ ግድግዳው በአንድ ረድፍ ይነስ። ታዳሚው አንድ ረድፍ መጉደሉን አያውቅም። ምስሉ መሃል ላይ ሲጠፋ ግን ሁሉም ያውቃል።

አንድ ስም፣ ሁለት ዕቃ

ቪዲዮ ዎል ሲባል ሁለት የተለያየ ነገር ነው የሚወራው። አንደኛው ቴሌቪዥን የሚመስሉ ኤልሲዲ ስክሪኖች ተደርድረው የሚሠሩት ነው። ካፌ ውስጥ ኳስ የሚታይበት ወይም የጥበቃ ካሜራ ክፍል ውስጥ የሚሰቀለው ማለት ነው። ሁለተኛው ኤልኢዲ ነው፤ ትንንሽ ሞጁሎች ካቢኔት ላይ ተገጥመው አንድ ወጥ ግድግዳ ይሆናሉ። ለሁለቱም «ኮንትሮለር» የሚባል ሳጥን አለ። ሥራቸው ግን ለየቅል ነው። ፕሮፎርማው ላይ «ኮንትሮለር፣ ብዛት 1» ብቻ ተጽፎ ከሆነ፣ ሻጩ የፈለገውን ማምጣት ይችላል ማለት ነው።

ከኤልሲዲው እንጀምር፤ እሱ ይቀላል። አራት ባለ 55 ኢንች ስክሪን ሁለት በሁለት ተሰቅሏል እንበል። ከዲሽ ሪሲቨሩ የመጣውን አንድ ምስል አራት ቦታ ቆርጦ ለእያንዳንዱ ስክሪን ድርሻውን የሚሰጥ ነገር ያስፈልጋል። እዚህ ጋ የተለመደ ስህተት አለ። ስፕሊተር ተገዝቶ ይመጣል። ስፕሊተር ምስል ያባዛል እንጂ አይቆርጥም። አንዱ ጎል አራት ጊዜ ይገባል።

ለእንዲህ ያለ ትንሽ ሥራ ውድ ዕቃ መግዛት አያስፈልግም። ለቪዲዮ ዎል ተብለው ከተሠሩ ስክሪኖች ብዙዎቹ የመቁረጥ ችሎታው ውስጣቸው አለ። ገመዱ ከአንዱ ወደ ሌላው ይቀጠላል፣ እያንዳንዱ ስክሪን የቱ ጋ እንደተቀመጠ በሪሞት ይነገረዋል፣ አለቀ። ይህ የሚያዋጣው ግን የሚታየው ምስል አንድ ብቻ ሲሆን ነው። ግማሹ ላይ ኳስ፣ ግማሹ ላይ ማስታወቂያ ይውጣ ከተባለ ምስሎቹን የሚያቀናጅ ራሱን የቻለ ሳጥን፣ ፕሮሰሰር፣ ይመጣል። ሁለት ላፕቶፕና አንድ ካሜራ በአንድ ጊዜ ይታዩ ከተባለም እንደዚያው።

ጥሩ ኮንትሮለር በስክሪኖቹ መሃል ያለውን ጠርዝም ይቆጥራል። በመስኮት የምናየው ዛፍ ከመስኮቱ ብረት ጀርባ እንደማይቋረጥ ሁሉ፣ ምስሉም ከጠርዙ ጀርባ እንዳለ ተደርጎ መታሰብ አለበት። ይህ ማስተካከያ ከሌለ ሰያፍ የሆነ የሜዳ መስመር ጠርዙ ጋ ሲደርስ እንደተሰበረ ሸምበቆ ይታያል። ሳጥኑ ሲገዛ «የጠርዝ ማካካሻ አለው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ስክሪኑ ሲበዛ ሌላ ጥያቄ ይመጣል። ሦስት በሦስት የተደረደሩ ዘጠኝ ስክሪኖች፣ እያንዳንዳቸው 1920 በ1080 ቢሆኑ፣ በድምሩ 5760 በ3240 ፒክስል (የምስል ነጥብ) ይሆናሉ። ከተራ ላፕቶፕ የሚወጣው ምስል እዚያ ላይ ሦስት እጥፍ ይለጠጣል። 4ኬ (3840 በ2160) ቢገባ እንኳ አንድ ተኩል እጥፍ ነው። ለኳስ ምንም አይደለም። ለካርታ ወይም ቁጥር ለበዛበት ሰንጠረዥ ግን ገንዘቡ በከንቱ ወጣ ማለት ነው። «4ኬ ይቀበላል» የሚለው የብሮሹር ቃልም አያታልል። ኤችዲኤምአይ 1.4 ወደብ 4ኬን የሚቀበለው በሴኮንድ 30 ምስል ነው፤ 60 ከተፈለገ 2.0 መሆን አለበት። በ30 ላይ የማውዙ ቀስት ራሱ እየተንገጫገጨ ነው የሚሄደው።

ኤልኢዲ ላይ የሚቆጠረው ፒክስል ነው

ኤልኢዲ ላይ ሒሳቡ ይለወጣል። ስክሪኑ በካሬ ይሸጥ እንጂ ኮንትሮለሩ የሚመረጠው በፒክስል ብዛት ነው።

ባሕር ዳር ያለ አንድ አዳራሽ 3.84 ሜትር በ2.4 ሜትር የሆነ ፒ2.5 ግድግዳ ሊሰቅል ነው እንበል። ፒ2.5 ማለት ከአንዱ የብርሃን ነጥብ እስከ ቀጣዩ 2.5 ሚሊሜትር አለ ማለት ነው። 3.84 ሜትር ለ2.5 ሚሊሜትር ሲካፈል 1536 ይሆናል። ቁመቱ 960። ሲባዛ 1,474,560 ፒክስል። ያንኑ ስፋት በፒ5 ብንሠራው 368,640 ብቻ ነው፤ ሩቡ። ካሬው አንድ ዓይነት፣ የኮንትሮለሩ ሸክም ግን አራት እጥፍ የሚለያይ። «ለዚህ ካሬ ይሄ ይበቃዋል» የሚል ሻጭ ፒውን ሳይጠይቅ ከተናገረ እየገመተ ነው።

ምስሉን ከኮንትሮለሩ ወደ ግድግዳው የሚያደርሰው ተራ የኔትወርክ ገመድ ነው። ገበያው ላይ በብዛት በሚገኙት እንደ ኖቫስታር ባሉ ኮንትሮለሮች አንድ ጊጋቢት ወደብ በ60 ኸርዝ (በሴኮንድ 60 ምስል) 650 ሺህ ያህል ፒክስል ይሸከማል። የእኛ ግድግዳ ስለዚህ ቢያንስ ሦስት ወደብ ይፈልጋል። ከዚሁ ኩባንያ ኤምሲቲአርኤል300 የሚባለው ርካሽ ሳጥን ሁለት ወደብ ነው ያለው፤ 1.3 ሚሊዮን ላይ ይቆማል። አይበቃም። ምስሉን ከግድግዳው ልክ ጋር የማመጣጠን ሥራም አይሠራም፤ የገባለትን እንዳለ ያሳልፋል። ቪኤክስ400 አራት ወደብና 2.6 ሚሊዮን ፒክስል አለው። ይበቃል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ያቆማል። እኔ ግን አንድ ደረጃ ወደ ላይ እላለሁ። ገመዱ ከካቢኔት ወደ ካቢኔት እየተቀባበለ ነው የሚሄደው። መሃል ላይ አንዱ ቢላቀቅ ከእሱ በኋላ ያሉት በሙሉ ይጨልማሉ። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ከሌላ ወደብ የወጣ ገመድ በመጨረሻው ካቢኔት በኩል ይገባል። ዋናው ሲቋረጥ ምስሉ በዚያኛው በኩል ዞሮ ይመጣል። ሦስት ዋና፣ ሦስት መጠባበቂያ፣ በድምሩ ስድስት ወደብ። ቪኤክስ600 ስድስት አለው፣ 3.9 ሚሊዮን ፒክስልም ይሸከማል። ሙሽሮቹ ሲገቡ ግማሽ ግድግዳ ቢጠፋ የሚመጣውን ጭቅጭቅ ላሰበ ሰው ልዩነቱ ብዙ አይደለም። አሥር ወደብ ያለውን ቪኤክስ1000 ለዚህ ግድግዳ መግዛት ግን ብር መበተን ነው። «ወደፊት እናሳድገዋለን» ይባላል። አዳራሹ ግድግዳው ካለቀበት በየት በኩል ሊያድግ ነው?

በዚሁ አጋጣሚ ቪዲዮ አንሺዎች ስለሚያማርሩበት ነገር። ካሜራ ላይ የሚታየው ጥቁር መስመር ከኮንትሮለሩ ብቻ የሚመጣ አይደለም። ሞጁሉ ምስሉን በሴኮንድ ስንት ጊዜ ያድሳል የሚለው ነው ዋናው። ሰርግ የሚቀረጽበት አዳራሽ 1920 ኸርዝ ሳይሆን 3840 ኸርዝ ቢጠይቅ ይሻለዋል። ይህንን ኮንትሮለር በመቀየር ለማዳን መሞከር ከእጅ አይሻል ዶማ ነው።

ፊደላችን ሲጨመቅ

ስለ ኮንትሮለር ሲጻፍ የማይነሳ አንድ ጉዳይ አለ፤ ለእኛ ግን ዋና ነው። ቪዲዮ ሲያንስና ሲለጠጥ ብዙም አያስታውቅም። የአማርኛ ጽሑፍ ግን ወዲያው ይጋለጣል።

ከቤት ውጭ የተሰቀለ 3.84 በ1.92 ሜትር የሆነ ፒ5 ግድግዳ ያለው 768 በ384 ፒክስል ነው። ላፕቶፑ 1920 በ1080 ይልካል። ኮንትሮለሩ ወርዱን ወደ 40 በመቶ ይጨምቀዋል። ሁለት ፒክስል ውፍረት የነበራት ቀጭን ጭረት አንድ ፒክስል እንኳ አትሞላም። «ሰ»ን ከ«ሸ» የምትለየዋ የአናት ጭረት ትደበዝዛለች። «ቡ»ንና «ቢ»ን የሚለዩት ቅጥያዎች ከእግሩ ጋር ይጣበቃሉ። መንገደኛው ከሩቅ የሚያየው ፊደል የሚመስል ቀይ እድፍ ነው። ላቲን ፊደል እንዲህ አይጎዳም፤ በጥቃቅን ቅጥያ ላይ የተንጠለጠለው ነገር አነስተኛ ነውና።

መፍትሔው ጽሑፉን መጀመሪያውኑ በግድግዳው ልክ መሥራት ነው። ዲዛይኑ 768 በ384 ይሁን፣ ፊደሉ ወፍራም ይሁን። ከዚያ ኮንትሮለሩ ከላፕቶፑ ምስል ላይ ያንን ያህል ክፍል ብቻ ቆርጦ፣ ሳያሳንስና ሳይለጥጥ፣ አንዱን ፒክስል በአንድ ፒክስል ማውጣት አለበት። ይህን የሚያደርግ ሳጥን አለ፣ የማያደርግም አለ። ከመግዛታችሁ በፊት ነጭ መደብ ላይ «ሸማ» የሚል ቃል በጥቁር ጽፋችሁ አሳዩኝ በሉ።

የግድግዳው ቅርጽም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። ላፕቶፕ የሚልከው 16 ለ9 ነው። ያ ግድግዳ ደግሞ ሁለት ለአንድ። ሳይቆረጥ ዝም ብሎ ከተለጠጠ ሰው ሁሉ ወደ ጎን 12 በመቶ ያህል ይሰፋል። ሙሽራው በራሱ ሰርግ ላይ ወፍሮ ይገኛል።

ከየት የመጣ ምስል ነው የሚገባው?

ገዢው ሻጩ ዘንድ ከመሄዱ በፊት ወረቀት ላይ ማስፈር ያለበት ይህንን ነው። የኳስ ቤት ከሆነ ምንጩ የክፍያ ቻናል ሪሲቨር ነው። እነዚህ ሪሲቨሮች ምስሉን ኤችዲሲፒ በሚባል የቅጂ መከላከያ ይቆልፉታል። ኮንትሮለሩ ይህንን የማያውቅ ከሆነ የሚወጣው ጥቁር ስክሪን ነው። ለ4ኬ ምንጭ ደግሞ ብዙ ጊዜ 2.2 የሚባለው ዓይነት ይፈለጋል። ላፕቶፕ ሲሰካ የሚሠራው ሳጥን ሪሲቨሩ ሲሰካ ጨለማ ሲሆን ሰው ገመድ ሲቀያይር ይውላል። ችግሩ ገመዱ ላይ አይደለም።

ሌላው ፍጥነቱ ነው። ከዲሽ የሚመጣው ሥርጭት በእኛ አካባቢ በአብዛኛው በ50 ኸርዝ ነው፤ ላፕቶፕ የሚልከው በ60። በ60 ብቻ የሚያወጣ ኮንትሮለር 50ውን ወደ 60 ለመሙላት አንዳንዱን ምስል ይደግማል። ኳሷ ስትሮጥ ትንሽ ትንሽ ትደናቀፋለች። ሰው ምን እንደሆነ አያውቀውም፣ ግን ዓይኑን ይደክመዋል። በ50 ማውጣት የሚችል ሳጥን ይሻላል።

የጥበቃ ካሜራ ክፍል ከሆነ ጨዋታው ሌላ ነው። ሰላሳና አርባ ካሜራ በኤችዲኤምአይ አይገባም። በኔትወርክ የሚመጣውን የካሜራ ምስል ራሱ ፈትቶ የሚያወጣ ዲኮደር ነው የሚያስፈልገው። የካሜራዎቹ አምራች ለዚሁ የሠራው ካለ እሱን ውሰዱ።

መብራት ሄዶ ሲመጣ

ኮምፒውተር ላይ ብዙ መውጫ ያለው ግራፊክስ ካርድ ገጥሞ ግድግዳ መንዳት ይቻላል። ችሎታው ሰፊ ነው፤ ቁጥርና ካርታ ለሚያሳይ ክፍል እንዲያውም ይመረጣል። ኮምፒውተር የሚያውቅ ሠራተኛ በቋሚነት ላለው ዩኒቨርሲቲ አልቃወምም። ለሰርግ አዳራሽና ለሆቴል ግን አልመክርም። መብራት በድንገት ሲጠፋና ሲመለስ ዊንዶውስ እንደገና ይነሳል፣ የይለፍ ቃል ይጠይቃል፣ አንዳንዴም አፕዴት ይጀምራል። ሦስት መቶ እንግዳ ቁጭ ብሎ ሰማያዊ ስክሪን ያያል። ራሱን የቻለው ሳጥን ግን ቶሎ ይነሳል፣ ሲጠፋ የነበረውንም አቀማመጥ ያስታውሳል።

የላይኛው የባሕር ዳር ግድግዳ ሙሉ ነጭ ሲያበራ አራትና አምስት ኪሎዋት ሊጠጣ ይችላል። ያንን በትንሽ ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ በባትሪ በሚይዝ ሳጥን፣ መያዝ አይታሰብም። ኮንትሮለሩ ግን በዚህ ደረጃ ከመቶ ዋት በታች ነው። ኮንትሮለሩንና ላፕቶፑን አንድ መለስተኛ ዩፒኤስ ላይ ካደረጋችኋቸው፣ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ግድግዳው ይጨልማል፣ ምስሉ ግን ውስጥ በሕይወት ይቆያል። መብራቱ ሲደርስ ካቆመበት ይቀጥላል። ለዚህ የሚወጣው ብር ከሁሉም ወጪ ትንሹ ነው፤ ፕሮፎርማ ላይ ግን የለም።

ክረምት ሲመጣ ደግሞ መብረቅ አለ። ስክሪኑ ውጭ፣ ኮንትሮለሩ ቤት ውስጥ ከሆነ በመሃል ያለው የመዳብ ገመድ ለመብረቅ መንገድ ይሆናል። ምስሉን በብርሃን የሚያደርሰው የፋይበር ገመድ ግን ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። የመዳቡ ገመድ 100 ሜትር ላይ ሲቆም ፋይበሩ ያልፋል። ለውጭ ስክሪን የፋይበር መውጫ ያለውን ሳጥን ፈልጉ።

ደብረ ማርቆስ ላለ ገዢ አንድ ተጨማሪ ነገር። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው። ከቻይና የሚመጣ ፓወር ሰፕላይ አንዳንዱ ጀርባው ላይ እስከ 2,000 ሜትር ብቻ እንደተፈተሸ የሚገልጽ ምልክት አለበት። አየሩ ሲሳሳ ማቀዝቀዙም የኤሌክትሪክ መከላከሉም ይዳከማል። ዕቃው ወዲያው ይቃጠላል ማለት አይደለም። ያንን ምልክት አይቶ ዝም ማለት ግን ልክ አይደለም። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነች ይህ ጣጣ የለባትም።

በኢንተርኔት የሚታዘዙ ኮንትሮለሮችም አሁን ይቀርባሉ። ማስታወቂያውን ከአዲስ አበባ ትልካለህ፣ ፍኖተ ሰላም ላይ ይታያል ይባላል። አሪፍ ነው። ግን በ2015 ዓ.ም ክረምት በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ በቶሎ እንዳልተመለሰ እናስታውሳለን። ፍላሽ ተሰክቶ የማይሠራ፣ ያለ ኢንተርኔት አልነሳም የሚል ሳጥን ለእኛ አይሆንም።

ፋይሉ ማን እጅ ነው?

ኤልኢዲ ላይ እያንዳንዱ ካቢኔት ውስጥ ከኮንትሮለሩ የሚመጣውን ምስል የሚቀበል ሪሲቪንግ ካርድ አለ። ካርዱ ሞጁሉን እንዴት እንደሚያበራ የሚነግረው አንድ ትንሽ ፋይል ነው። ካቢኔቶቹ በምን ቅደም ተከተል እንደተያያዙ የሚናገር ሌላ ፋይልም አለ። ሁለቱ ተደምረው ከአንድ ፎቶ አይበልጡም። ካርድ ተቃጥሎ አዲስ ሲገባ የመጀመሪያው ፋይል ከሌለ ሞጁሉ የተዘበራረቀ ቀለም ነው የሚያወጣው። ሁለተኛው ከጠፋ የሰው ጭንቅላት ወለሉ ላይ፣ እግሩ ጣሪያው ላይ ይወጣል።

እነዚህ ፋይሎች አብዛኛውን ጊዜ የሚገኙት የገጠመው ባለሙያ ላፕቶፕ ውስጥ ነው። እሱ ደግሞ አዲስ አበባ ነው። ደብረ ማርቆስ ድረስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በጎጃም መስመር ባሕር ዳር ድረስ ከ550 በላይ ነው፣ አባይ በረሃን ወርዶ ወጥቶ። መንገዱ ሁልጊዜ ክፍት ነው ማለትም አይቻልም። በአንድ ፋይል ምክንያት ሳምንት ሙሉ ስክሪን ጠፍቶ መቀመጥ ያበሳጫል። ስለዚህ ፋይሎቹ በሁለት ፍላሽ ተገልብጠው ለገዢው ይሰጡ። ይህም ውሉ ላይ ይጻፍ።

ከዚሁ ጋር መለዋወጫ አለ። ሁለትና ሦስት ሪሲቪንግ ካርድ፣ ጥቂት ፓወር ሰፕላይና ከዚያው ምርት የወጡ ሞጁሎች አብረው ይገዙ። በኋላ የሚገዛ ሞጁል ቀለሙ ላይገጥም ይችላል። ጎረቤት ያለ አዳራሽ የሚጠቀመውን ዓይነት ኮንትሮለር መምረጥም ብልህነት ነው፤ ቸገረኝ ሲባል መዋዋስ ይቻላል። ማንም የማያውቀው ምርት ብሮሹሩ ላይ የቱንም ያህል ቢያምር ባሕር ዳር ላይ የሚነካው ሰው ካልተገኘ ባዶ ሳጥን ነው።

በጨረታ ለሚገዛ መሥሪያ ቤት ዋናው ሥራ ስፔስፊኬሽኑ ላይ ነው። «ጥራት ያለው ኮንትሮለር» ተብሎ ከተጻፈ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ያሸንፋል፣ ባለ ሁለት ወደቡም ሳጥን ይመጣል። የፒክስሉ ብዛት፣ ከመጠባበቂያው ጋር ስንት ወደብ፣ ምን ምን ምንጭ እንደሚገባ፣ ኤችዲሲፒ፣ 50 ኸርዝ፣ ፋይሎቹን ማስረከብ፣ ሁለት ሠራተኛ ማሠልጠን፤ ሁሉም በቁጥርና በስም ይስፈር።

ርክክቡ ቀን ቴክኒሻኑ ቆንጆ ቪዲዮ ይከፍታል። በባሕር ዓሣ ይዋኛል፣ አበባ ይፈካል፣ ሁሉም ያጨበጭባል። ቪዲዮውን አስቁሙትና ከቆጣሪው ጋ ያለውን ዋና ማብሪያ ማጥፊያ አጥፉ። ትንሽ ቆይታችሁ አብሩት፤ ማንም ምንም ሳይነካ ምስሉ ይመለስ እንደሆነ እዩ። ከመሃል ካለ ካቢኔት አንድ የኔትወርክ ገመድ ንቀሉ። ሪሲቨሩን ሰክታችሁ ኳስ ክፈቱ። «ሸማ» ብላችሁ ጻፉና ከአዳራሹ መጨረሻ ወንበር አንብቡት። ፍላሹን ተቀበሉ፣ ሠራተኛችሁ ፋይሉን ከፍላሹ ላይ ራሱ ሲጭን ቁማችሁ ተመልከቱ። ፊርማው ከዚህ በኋላ ነው።